አራተኛው ጭብጨባ

ማክሰኞ ጠዋት የቤታችንን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ደረጃው አሥራ አንድ ነው። አራተኛው ላይ ስደርስ ግድግዳውን ያዝኩና ወደ ጎን ዞሬ፣ ቀኝ እግሬን እያስቀደምኩ፣ ግራውን እየጎተትኩ ወረድኩ። እናቴ ከታች ሆና ታየኝ ነበር። ለሰው ዓይን የሚጨሰውን ዘር ፍሙ ላይ በተነችው። ዘሩ ሲንጣጣ ጢሱን በራሴ ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞረችና «በል ሂድ» አለችኝ።

ዓርብ የክፍለ ሀገሩ የትግል ሻምፒዮና ነበር። ከመመዘኛው በፊት ሦስት ኪሎ ተኩል መቀነስ ነበረብኝ። ከእሁድ ጀምሮ በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ ውሃ አልጠጣሁም። በላዩ ላይ እናቴ «ኢማሙ ዘንድ ሳንሳለም አትገጥምም» ብላ ማሽሃድ ወዳለው መቃብራቸው ወስዳኝ፣ ሃያ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተቀምጬ የተመለስኩት ቅዳሜ ነው። ሰኞ ደግሞ ባህራምን በጀርባዬ ተሸክሜ ከከተማው ጀርባ ያለውን ዳገት ስድስት ጊዜ ወጣሁ። ስለዚህ ሰውነቴ ቢደቅ አልገረመኝም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብዬ ነበር። ሁሉም ቦታ የሚያመኝ ስነካው ነው፤ ግራ ባቴ ግን ሳልነካውም ያመኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ አደረ።

ጉልበት ቤት የምንለው የቆየ ጣሪያው ክብ የሆነ ቤት ነው። መሐሉ ላይ እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ አለ፤ የምንሠራው እዚያ ውስጥ ነው። መሪያችን ሙርሺድ ያዱላህ ከበሩ በላይ ከፍ ያለ መደቡ ላይ ተቀምጦ ከበሮውን ይመታል፤ እኛ በምቱ የእንጨት ዱላ እናዞራለን፣ ደረታችንን መሬት እናስነካለን። ወደ ጉድጓዱ ስንወርድ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጠርዙን እንስማለን። አባቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

የዚያን ቀን ዱላውን አላነሳሁም። ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ባቴን ስይዝ ባህራም መጣ። ባህራም ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነው፤ በክፉ ቀን ዘጠና።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ነፍሰ ጡር የምትቀመጠው?»

«ባቴ ነው።»

«ታዲያ እኔን ተሸክመህ ዳገት ወጥተህ ምን እንዲያምህ ፈለግህ፣ ጆሮህን? ታሽ፣ በቃ።» ጎኔ ዘፍ አለና ጣቶቹን ዘረጋ። «ምርጫህ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አዲሱ ጂም ውስጥ ካምቢዝ አለልህ። ነጭ አንሶላ፣ የጽጌረዳ ዘይት፣ የወፍ ድምፅ ያለው ሙዚቃ። እያባበለ ያስተኛሃል። እሱ ለሙሽራ ነው። ሁለተኛ፣ ያው ካምቢዝ በማሽን፤ እንደ ግድግዳ መብሻ ድድድድ የሚለው። ባለፈው ተደረገልኝ፣ ጥርሴ ሊረግፍ ነበር፣ ጡንቻዬ ግን ወሬም አልሰማ። ሦስተኛ...»

«ኡስታ ሄሽማት።»

«ኡስታ ሄሽማት! እያለቀስክ ትገባለህ፣ እየበረርክ ትወጣለህ። በክርኑ ይወጣብሃል፣ በተረከዙ ይቆምብሃል፤ ቋጠሮ የሚባል ካለ እንደ ዋልነት ይሰብረዋል።» ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ግን አንድ ነገር ስማ። ገና ሳትተኛ ‹ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ?› ይልሃል። አንዱ እግሬ ነው ካልከው አያሽህም። ጀሊልን እንዲሁ ነው የመለሰው፣ ሐኪም ጋ ሂድ ብሎ። ጀሊል ሐኪም ጋ ቢሄድ ምንም የለብህም ተባለ። ሰውየው አርጅቷል፣ ይፈራል። ሁለቱም በለው።»

«የእኔ ግን ግራው ብቻ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሁለቱም በለው አልኩህ እኮ! ቃለ መሐላ አያስፈጽምህም።»

ሳቅሁ። ውስጤ ግን አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የባህራም ምክር አልነበረም ያስወሰነኝ።

ወንድሜ ፋራማርዝ የሞተው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ በዚሁ ሻምፒዮና ዋዜማ። እሱ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ። አሁን እኔም ሃያ አራት ነኝ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ሐማሙ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ፣ ኡስታ ሄሽማት ዘንድ ታሸ። እኔ ከልብስ መለወጫው አዳራሽ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቀው ነበር። ኡስታ አንዱን የሰውነት ክፍል አሽቶ ሲጨርስ ሁለት መዳፉን እንደ ጽዋ ጎድጎድ አድርጎ አንዴ ያጨበጭባል። ከጉልላቱ በታች ድምፁ እንደ ተኩስ ነው። ቀኝ እጅ፣ አንድ። ግራ እጅ፣ ሁለት። ቀኝ እግር፣ ሦስት። ግራ እግር፣ አራት። ከዚያ «ተነስ» ይላል። እኔ መቁጠር እወዳለሁ። ደረጃ እቆጥራለሁ፣ የከበሮ ምት እቆጥራለሁ። የዚያን ቀንም ቆጠርኩ። አራት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከፊቴ ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሳመ። ሳይነሳ ቆየ። ሙርሺድ ከበሮውን አላቋረጠም። እኛም ከኋላው ተሰልፈን ቆምን። ነገ የሚገጥም ሰው ስለሆነ ጸሎቱን አርዝሞ ነው አልን። አንድ ሰው እንኳ «ምን ያህል ጨዋ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አርባ ሁለት ምት ቆጠርኩ። በአርባ ሦስተኛው ወንድሜ በጎኑ ወደቀ።

ወረቀቱ ላይ ልብ ነው ተባለ። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ጢስ ከበር አልወጣሁም።

ኡስታ ሄሽማትም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያጨበጭበው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱን እጅና ቀኙን እግር ያሻል፤ ግራውን በሳሙና አረፋ ብቻ አልፎት «ተነስ» ይላል። ሰዎች ይቀልዱበታል። «በኡስታ ቤት ግራ እግር የእንጀራ ልጅ ነው» ይላሉ። ደክሞት ነው የሚሉም አሉ። ጭብጨባው ከአራት ወደ ሦስት መውረዱን ግን ቆጥሮ ያወቀ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ለማንም አልነገርኩም። ባልሰማሁት በአራተኛው ጭብጨባ ውስጥ ወንድሜ ያለ ይመስለኝ ነበር። ዓርብ የእሱን ምንጣፍ ልረግጥ ነው፤ እሱ የታሸውን ሙሉውን እሽት መታሸት ፈለግሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐማሙ ገባሁ። ባህራም ከአዳራሹ ቀርቶ ሻይ አዘዘ። ልብሴን አወለቅሁና ቀይ ሽርጥ አገለደምኩ። ሽርጦቹ የሚሰቀሉት በተርታ በተመቱ ሚስማሮች ላይ ነው። ሰባተኛው ላይ የፋራማርዝ ሽርጥ አሁንም አለ። ማንም አያነሳውም፣ ማንም አይነካውም። ሳልፍ ዳበስኩት። እርጥብ ነበር። ሁልጊዜም እርጥብ ነው። እንፋሎቱ እዚያ ድረስ ስለሚመጣ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሌሎቹ ሽርጦች ግን ደረቅ ናቸው።

ሙቁ ክፍል ውስጥ ኡስታ ሄሽማት ብቻውን ነበር። ሰባ ዓመት ይሆነዋል። ደረቱ ገብቷል፣ እጁ ግን የወጣት ነው፤ ከክንዱ ተለይቶ የኖረ የሚመስል ሰፊ እጅ። ሲያየኝ ትንሽ ዘገየ።

«ፋራ...» አለና አቋረጠው። «ኖዘር። በእንፋሎቱ መሐል ስትመጣ፣ ትከሻህ...»

«ሁሉም እንደዚያ ይላሉ፣ ኡስታ።»

«እናትህ ደኅና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ዓርብ ትገጥማለህ አሉ።»

«ልገጥም ነው። ሰውነቴ ተሳስሯል። ከባዱን እሽት ነው የምፈልገው።»

በእጁ ድንጋዩን አመለከተኝና አንድ ባሊ ሙቅ ውሃ አፈሰሰበት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን እየታጠበ፣ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቀኝ።

«እግርህ፣ ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ?»

«ሁለቱም» አልኩ።

ውሸት መናገር አልችልበትም። ጀርባውን ባይሰጠኝ ኖሮ ይነቃብኝ ነበር።

በሆዴ ተኛሁ። ድንጋዩ ከታች በእሳት ስለሚሞቅ ሆዴን አቃጠለኝ። ከጎኔ ሌላ ድንጋይ አለ፤ ማንም አልተኛበትም። በላዩ ላይ ግን ረዘም ያለ ውሃ ተኝቶ ነበር፤ በትከሻ በኩል ሰፋ፣ በእግር በኩል ቀጠን ያለ። ሰው ተኝቶበት ገና አሁን የተነሳ ይመስላል። ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዞርኩ።

ቀኝ ክንዴን ያዘ። ከእጅ አንጓዬ ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየፈለገ ወጣ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ክርኑን አስገባ፤ ጥርሴን ነከስኩ። «ተንፍስ» አለኝ። ተነፈስኩ። አንድ ነገር ውስጤ ጧ ብሎ ተፈታ። አጨበጨበ። አንድ።

ግራ ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ የአንገቴን ሥር። እንባዬ መጣ። ባህራም እውነቱን ነው፤ እያለቀሱ ነው የሚታሹት። ሁለት።

ቀኝ እግሬን በተረከዙ ወጣበት። በጣሪያው ላይ ካለው ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ክብደቱን እያቀለለና እያከበደ፣ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ጮህኩ። ከአዳራሹ የባህራም ሳቅ ተሰማኝ፤ «አይዞህ፣ ወንድ ነው ትባላለህ!» እያለ። ሦስት።

ከዚያ ለስለስ ያለ አረፋ ግራ እግሬ ላይ ሲፈስ ተሰማኝ። ኡስታ በመዳፉ እንኳ ሳይጫን፣ አረፋውን ብቻ እየነዳ አለፈው።

«ተነስ» አለኝ።

አልተነሳሁም።

«ኡስታ፣ አንዱ ይቀራል።»

«ሦስት ይበቃል። ደክሞኛል።»

«ለወንድሜ አራት ነው ያጨበጨቡት።»

የቧንቧው ጠብታ ይሰማ ነበር። ዘጠኝ ጠብታ ቆጠርኩ።

«ማን ነገረህ?»

«እኔው ነኝ የሰማሁ። ከአዳራሹ ነበርኩ። ከእሱ በኋላ አራተኛውን ለማንም አላጨበጨቡም። ለእኔ ያጨብጭቡልኝ። ሌላ አልጠይቅም። የሚያመኝም እሱ ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ሳላስበው ነው ያወጣኋት። እጁ ባቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። መዳፉ አልነበረም፤ የእጁ ጀርባ ነበር። እናት የሕፃን ግንባር ላይ ትኩሳት ስታይ እንደምታደርገው አስቀምጦ ቆየ። ከዚያ ወደ ቀኙ ባቴ አዛወረው። ተመልሶ ወደ ግራው።

«ሁለቱም ነው አላልከኝም?»

ፊቴን ድንጋዩ ላይ ደፋሁ።

«ማን ነው ሁለቱም በል ያለህ?»

«ማንም።»

«ባህራም ነው። ያ የተሞላ ጆንያ።» ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ከወገቡ ቀይ ክር ፈታ። ቀኙን ባቴን ዞረበትና ጫፍና ጫፉ የተገናኙበት ላይ ቋጠረ። ያንኑ ክር ግራው ላይ አዞረው። ቀና ብዬ አየሁ። ቋጠሮውና ጫፉ አልተገናኙም። በመሐላቸው ሁለት ጣት የሚያህል ቆዳ ነበር፤ ቀላ ያለ፣ የሚያበራ።

«ያኔ ክር አልነበረኝም» አለ።

ከዚያ ከእግሬ ሥር ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም ተነስቼ ተቀመጥኩ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ እንፋሎቱ ከመሐላችን ነበር።

«ፋራማርዝም ግራው ነው ብሎኝ ነበር» አለ። «አንዱ ብቻ። ውሃ ተከልክሎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሙቁ ክፍል ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያልበው ሦስት ቀኑ ነበር። ባቱን ስነካው ይሞቃል፣ ጠጥሯል። ቋጠሮ መሰለኝ። እኛ ቋጠሮ ይሰበራል ተብለን ነው ያደግነው። አባቴ እንደዚያ አስተማረኝ፣ አባቱ ለእሱ። በክርኔ ወጣሁበት። አልፈታ ሲለኝ በተረከዜ ቆምኩበት። ‹ጠንከር በል ኡስታ፣ ገና ነህ› ይለኝ ነበር። ይስቅ ነበር። ከዚያ አጨበጨብኩ። በእጄ ሥራ ኮርቼ ነበር፣ ልጄ። የዚያን ቀን በጣም ነበር የኮራሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተም ታውቃለህ።»

«አላውቅም። ይንገሩኝ።»

«ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ሐኪም መጣ፣ ከሐመዳን። እዚህች ድንጋይ ላይ ተኛ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ግራ እግር ላይ አልሄድ እንዳለኝ እያሸሁት አወራሁለት። የፋራማርዝን ቋጠሮ እንዴት እንደሰበርኩም። ተነስቶ ተቀመጠ። ‹ሁለቱም እግር ከሆነ የልፋት ሕመም ነው፣ እሸው› አለኝ። ‹አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ ግን እጅህን እንዳታሳርፍበት። ቋጠሮ አይደለም። ውስጡ የረጋ ደም ነው። ከተጫንከው ተቦጭቆ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሰውየው ዛሬ ስቆ ይወጣል፣ ነገ ይወድቃል።› እንደዚህ ነው ያለው። ነገ ይወድቃል።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ያያቸዋል።

«አራት ዓመት አውቀው ዝም አሉ» አልኩት።

«ዝም አልኩ።»

«እናቴ በየቀኑ በዚህ በር ታልፋለች። ሰላም ይሏታል።»

«እላታለሁ።»

«የሰው ዓይን ነው እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠላች። አክስቴን ጠላች! እህቷን! ‹ልጄን አይታ ማሻአላህ ሳትል ቀረች› ብላ አምስት ዓመት አላናገረቻትም። እርስዎ ይህን እያወቁ...»

«አውቃለሁ። እሷ የምትጠላው ስም የሌለው ዓይን ነበር። እኔ ደግሞ ስም ይዤ ልሂድላት ብዬ በራችሁ ድረስ መጣሁ፤ ሁለቴ። አንዴ አንተ ነህ የከፈትክልኝ። ሎሚ ይዤ የመጣሁ ጊዜ። ሎሚውን ሰጥቼህ ተመለስኩ።»

ሎሚውን አስታወስኩ። ጣፋጭ ሎሚ ነበር፣ በከረጢት።

ልመታው ፈለግሁ። ይህን መደበቅ አልችልም። ያ ሁሉ የተፈታ ጡንቻ ወዲያው ተመልሶ ተሳሰረ። ግን የምመታበት እጅ እሱ አሁን ያሸው እጅ ነበር፤ እርጥበቱ ገና አልደረቀም። ከዚህ ይልቅ ሌላ ነገር ወጣኝ።

«ይሹኝ» አልኩት።

«ምን?»

«አራተኛውን። ይሹት። ዓርብ እገጥማለሁ። ጀሊልንም ሐኪም ጋ ልከውት ምንም የለበትም ተባለ። የእኔም የልፋት ይሆናል። ዳገት ስለወጣሁ ነው።»

«ይሆናል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ምንም ካልሆነ ዓርብ ያመልጥህና ትሰድበኛለህ። እስክሞት ስደበኝ። በገበያ መሐል ስደበኝ። ነገር ግን ለመስደብ ኑርልኝ፣ ልጄ።»

የነሐሱን ጣሳ ከቀዝቃዛው ገንዳ ሞልቶ አመጣ። በሁለት እጁ ያዘው። ለእናቴ እንኳ ውሃ እንዲህ ይዞ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጠጣ።»

ጣሳውን አየሁት። ከእሁድ ጀምሮ ያሰብኩት ውሃ ብቻ ነበር። ያን ከጠጣሁ ኪሎው ይመለሳል፣ መመዘኛው ያልፈኛል፣ ዓርብ የሚባል ቀን የለም። ምንጣፉ፣ የፋራማርዝ ክብደት፣ የፋራማርዝ ዕድሜ፣ ሁሉም እዚያ ጣሳ ውስጥ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት እገጥማለሁ ማለት አልቻልኩም፤ በሚቀጥለው ዓመት ከወንድሜ እበልጣለሁ። በዕድሜ ልበልጠው አልፈለግሁም ነበር። ይህን ያወቅሁት ጣሳው አፌ ጋ ሲደርስ ነው።

ከጎኔ ያለውን ድንጋይ አየሁ። ያ ረዘም ያለ ውሃ ደርቆ አልቋል። በእግሩ በኩል ብቻ፣ ግራ እግር በሚሆንበት፣ ትንሽ እርጥበት ቀርቶ ነበር።

ጠጣሁ። ሰባት ጉንጭ።

ኡስታ እንዳልራመድ ከለከለኝና ባህራምን ጠራው። ባህራም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በአፉ ስኳር ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ምን ተፈጠረ? ሰበርከው እንዴ ኡስታ?»

«ዝም ብለህ ተሸከመው። ሆስፒታል። እግሩን መሬት እንዳታስነካ። ሁለቱም በል ያልከው አንተ ነህ?»

የባህራም ፊት ወይን ጠጅ መሰለ። «እኔ... ለቀልድ ነበር እኮ።»

«ተሸከመው።»

ባህራም ከነሽርጤ ተሸከመኝ። ትናንት እኔ እሱን በዳገት፣ ዛሬ እሱ እኔን በገበያው መሐል። ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። አንድ ደረቅ ፍሬ ሻጭ «ሙሽራውን ወዴት ነው?» አለ። ባህራም ግን አልሳቀም። እያለከለከ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይል ነበር፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንዴ።

ሐኪሟ ባቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በመሣሪያዋ ወጣች ወረደች። ሥዕሉ ላይ ጥቁር ወንዝ አየሁ፤ በመሐሉ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። ከባቴ ተነስቶ ከጉልበቴ በላይ አልፏል።

«ማን ነው አትታሽ ያለህ?» አለችኝ።

«አሺው ራሱ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «በቤተሰብህ ውስጥ ድንገት የሞተ ወጣት አለ?»

«አለ።»

«ስንት ዓመቱ?»

«ሃያ አራት» አልኩ። ዕድሜዬን የጠየቀችኝ መስሎኝ ይሁን የእሱን፣ አላውቅም።

ጻፈች። አንዳንድ ቤተሰብ ደሙ ቶሎ ይረጋል አለችኝ፤ ከእናት ወይ ከአባት የሚመጣ ነው። ውሃ መከልከል፣ ሙቀት፣ ረዥም አውቶቡስ ሲደመሩበት ደግሞ ይብሳል። ወንድሜ ባይታሽ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። «ሊተርፍ ይችል ነበር። ያለ እሽትም ሊሞት ይችል ነበር። ያላየሁትን አልፈርድም» አለችኝ። ይህን መልስ ለብዙ ወራት በአፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ይዤው ዞርኩ።

ዓርብን አልጋ ላይ ሆኜ አሳለፍኩ። በእኔ ኪሎ ማን እንዳሸነፈ ባህራም ሊነግረኝ ሲል ከለከልኩት።

ለእናቴ የነገርኳት ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ኡስታን ልጠራላት ብዬ ነበር፤ በኋላ ልነግራት የምችለው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ይስቅ ነበር አለህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ‹ገና ነህ ኡስታ› እያለ።» ራሷን ነቀነቀች። ምሽቱን አክስቴ ቤት ሄደች፤ ምን እንዳለቻት አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፍም የለም፣ ዘር የለም። ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም፤ አንዴ ሻሿን ነካች፣ አንዴ የበሩን መቃን። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በሱሪዬ ላይ ባቶቼን ዳበሰች። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

«እኩል ናቸው» አለች። አሁን በየቀኑ እንዲህ ነው።

ኡስታ ሄሽማት ቤታችን አልመጣም። እናቴም አልጠራችውም። በሐማሙ በር ስታልፍ ግን ሰላም ሲላት ትመልሳለች፤ ድምፅ አታወጣም፣ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። ይቅር ማለቷ ይሁን አለመሆኑን ጠይቄያት አላውቅም።

ትግል ተከልክያለሁ። ደም የሚያቀጥን ክኒን እውጣለሁ። ከሰባት ወር በኋላ ቀላል ዱላ እንዳዞር ተፈቀደልኝና ወደ ጉልበት ቤት ተመለስኩ። አሥራ አንዱን የቤታችንን ደረጃ ግድግዳ ሳልይዝ ነው የወረድኩት። ኡስታ ሄሽማት ከጉድጓዱ ጠርዝ አጠገብ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀይ ክሩ ከእጅ አንጓው ላይ ታስሯል።

ሙርሺድ ከበሮውን መምታት ጀመረ። ሰልፉ ውስጥ ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ሳምኩ።

ከበሮው ቆመ።

ሙርሺድ አስቦት ያቆመ አይመስለኝም፤ እጁ ነው የቆመው። ከኋላዬ ባህራም ትንፋሹን እንደያዘ ይሰማኛል። አፈሩ ከንፈሬ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ከጎኔ፣ ሰው ሊኖርበት በማይችል ጠባብ ቦታ፣ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ይስማል፤ ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል፣ ከእኔ አይቀድምም፣ ከእኔም አይነሳም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ወደ አርባ ሦስት መሄድ ቀላል ነበር። መንገዱን አውቀዋለሁ።

«ተነስ፣ ልጄ» አለ ኡስታ ሄሽማት ከመደቡ ላይ።

ተነሳሁ። ከሁለታችን የተነሳው አንዱ ብቻ ነው።